ከሉን ማን ያውልቅላት

ልጅ ሳለሁ፣ ወባ ይዞኝ መደብ ላይ ተጋድሜ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰምቻለሁ። አንደኛዋ አክስቴ ነበረች። የሁለተኛዋን ድምፅ እንጂ መልኳን አላስታውሰውም፤ ጥጥ ስትፈለቅቅ ፍሬው ሰፌዱ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ብቻ ትዝ ይለኛል። ወሬው ስለ አንዲት ሴት ነበር። ባሏ ይሁን ልጇ የሞተባት፣ ትኩሳቱ ከጆሮዬ ወሰደው። ብቻ ብዙ ዘመን ጥቁር ለብሳ ኖራለች።

«ታዲያ አታወልቀውም?» አለች አክስቴ።

«ማን ያውልቅላት? ሰው የላትም እኮ።»

ከዚያ አንዷ የሆነ ነገር ተናገረች። ሌላዋ ሳቀች መሰለኝ፤ ወይም አለቀሰች። እንቅልፍ ወሰደኝ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ያቺ ሴት ማን እንደ ነበረች አክስቴን ብጠይቃት፣ እንዲህ ያለ ነገር አውርቼ አላውቅም፣ በወባ ቃዥተሽ ይሆናል አለችኝ። እኔ ግን ሰምቻለሁ።

በእኛ አገር ከል የለበሰ ሰው በገዛ እጁ አያወልቅም። ዘመድ ይሰበሰብና «በቃሽ» ይላል፤ ጥቁሩን ነጠላ ከትከሻ ያነሣል፤ ራስን አጥቦ ቅቤ ይቀባል፤ ነጭ ያለብሳል። ሐዘንተኛዋ ራሷ ብታወልቀው ሙቷን እንደ ጣለች ይቆጠራል። ባሌ የሞተ ጊዜ እኔን እኅቶቹ ከጅጋ መጥተው አወለቁልኝ። «በቃሽ አስካለ» አሉኝ፣ አለቀስን፣ በላን፣ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ደጄን ረግጠውት አያውቁም። ልጅ ስላልወለድሁላቸው አልፈርድባቸውም።

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከአስፋልቱ ገባ ባለች ቤቴ በረንዳ ላይ፣ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ተማሪ አለብሳለሁ። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡ ልጆች ተራ እስኪደርሳቸው ሲያነቡ እየሰማሁ ነው። እግሬ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ጆሮዬ እነሱ ጋ ነው። ዛሬ ዳዊቴን ራሴ እደግማለሁ። መስማት ብዙ ነገር ያስተምራል፤ ሰው ግን ዝም ብሎ የሚሰማውን እንደሌለ ይቆጥረዋል።

ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ቆይቶ በተከፈተ ጊዜ ልጆቹ ዩኒፎርማቸውን ጥለውት አድገው ተመለሱ። የአንዱ ሱሪ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀርቷል፣ የሌላዋ ቀሚስ ከጉልበቷ ሸሽቷል። በዚያው ሰሞን ሰልፍ ላይ ደንብ ተነበበ። ወንድ ፀጉሩን ያሳጥር፤ ሱሪ አይጥበብ፤ ሴት ፀጉሯን በወግ ትሠራ፣ ሰው ሠራሽ ፀጉርና የጥፍር ቀለም አይኑር፤ የቀሚስ ርዝመት ከጉልበት በታች ይሁን፤ ከዩኒፎርሙ በላይ ምንም አይደረብ፣ ራስም አይሸፈን። እኔ ለደንቡ ወዳጅ ነኝ፤ እንጀራዬ ነውና። ከጥቂት ዓመት በፊት «እትዬ፣ ያጥብቡልኝ» ሲሉኝ የነበሩ ልጆች ያንኑ ሱሪ ተሸክመው መጡ።

«እትዬ፣ ያጠበቡትን ይልቀቁልኝ» አለኝ ተስፋው የሚባል የሰፈራችን ቀልደኛ። «ሱሪዬ ንስሐ ገብቷል።»

ፀጉርህስ አልሁት፣ ሱሪው ብቻውን ገነት እንዳይገባ።

«እሱን መምህር ታከለ በር ላይ በመቀስ ናዘዙት» ብሎ ኮፍያውን ቢያነሣ፣ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ እንደ እርሻ ትልም አንድ መስመር ወጥቶበታል። እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። መምህር ታከለ የተማሪውን ሥርዓት የሚቆጣጠረው ዩኒት ሊደር ነው።

በዚያው ጊዜ በጓሮዬ ባለችው አንዲት ክፍል የምትኖረው ልጅ በአጠገባችን አለፈች። ውዳሴ ትባላለች፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ተስፋው ሳቁን አቋርጦ መንገድ ለቀቀላት።

ውዳሴ ከማንኩሳ ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ ነው የመጣችው። የገጠር ልጅ ከተማ ቤት ተከራይቶ ሲማር ስንቁ ከቤቱ ይመጣለታል፤ ዱቄቱ፣ ሽሮው፣ በርበሬው። የእሷን እናቷ ሰብለ ነበረች በጀርባዋ አዝላ የምታመጣው። ሰብለ በረንዳዬ ላይ ሸክሟን አውርዳ፣ ላቧን ጠርጋ፣ ልጇ ከትምህርት እስክትመለስ ከእኔ ጋር ትጫወት ነበር። ሳቂታ ሴት ነበረች። በቀደመው ክረምት፣ መኪና በጠፋበት ሰሞን ታመመች። በቃሬዛ ተሸክመዋት ወጡ፤ ሐኪም ቤት ሳትደርስ መንገድ ላይ ዐረፈች።

ልጅቱ በመስከረም ስትመለስ ራሷን ተላጭታ፣ ጥቁር ሻሽ አሥራ፣ ጥቁር ነጠላ ለብሳ ነው። ስንቋን ራሷ ነበር የተሸከመችው። የዩኒፎርሟን ቀሚስ ወስጄ ጠርዙን ለቀቅሁላት፤ ታጥፎ የነበረው ላይ ያልደበዘዘ አዲስ ሰማያዊ መስመር ወጣ። አመሰገነችኝ። ለብዙ ሳምንት ከእሷ የሰማሁት ይህን ብቻ ነው። ማታ ማታ በግድግዳው ማዶ ለራሷ ጮክ ብላ ስታጠና እሰማታለሁ፤ የማይገባኝ የፊዚክስ ቃል ነው። መሐል ላይ ድምፅዋ ይቆማል። እኔም ፔዳሌን አቆማለሁ። እሷ ስትቀጥል እኔም እቀጥላለሁ።

መምህር ታከለ የመጀመሪያውን መንፈቅ አሳልፎላታል። ጥር ሊያልቅ ሲል ግን፣ የክፍል ሰዓት ደርሶ ጫማዋን ከደጃፏ ላይ አየሁት። በማግሥቱም አየሁት። በበረንዳው በኩል እንዳላያት በጓሮው ቅያስ እየዞረች ነበር የምትገባው። በሦስተኛው ቀን ምሳዋን ይዤ አንኳኳሁ። ያለ ዩኒፎርም አትገቢም ተብላ እንደ ተመለሰች ነገረችኝ። አልሰደቧት፣ አልገፏት። ሻሹንና ነጠላውን አውልቀሽ ነይ ብቻ ነው ያሏት።

ነጠላዬን አጣፍቼ ትምህርት ቤቱ ሄድሁ። መምህር ታከለ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። እናቷ ከሞተች ዓመት እንዳልሞላ ነገርሁት፤ ያውቃል። ልጅቱ ጎበዝ እንደ ሆነች ነገርሁት፤ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ሰልፍ ሜዳው እያየ እንዲህ አለኝ፤

«እትዬ አስካለ፣ ሐዘኗን አልከለከልኋትም። ግን ከዚህ ሁሉ ተማሪ ሰው ያልሞተበት ስንት ይገኛል? ለእሷ ብፈቅድ ነገ ሰልፉ በሙሉ ጥቁር ይሆናል። እኔም ልለብስ ነው። ያን ጊዜ ማን ያስተምር?»

ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እቆጣው ነበር። ቀጥሎ የባሰውን ነገረኝ። ለመልቀቂያ ፈተናው መመዝገቢያ ፎቶ የሚነሡት ማክሰኞ ነው። በዩኒፎርም፣ ራስን ገልጦ ነው የሚነሡት፤ ያመለጠው ሰው ለዘንድሮ አይመዘገብም። እሱ ከእኔ ሥልጣን በላይ ነው አለ። ስወጣ በክፍሏ በኩል አለፍሁ። በመስኮት ሲታይ ሁሉም ሰማያዊ ነው፤ በአንድ ዴስክ ላይ ሦስት ተቀምጠው፣ የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ትተዋል።

ቤት ገብቼ ውኃ ለብ አደረግሁ። ለጋ ቅቤ ከጎረቤት ተቀበልሁ። ነጭ ነጠላዬን ከሣጥን አወጣሁ። ሰው የላትም እንዳይባል፣ እኔ ሰው ልሁናት ብዬ ነው፤ ሌላ አላሰብሁም። አስቀመጥኋትና «በቃሽ ልጄ» ብዬ እጄን ወደ ሻሿ ሰደድሁ።

እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። አልገፋችኝም። እንደያዘችው ቀረች።

«እትዬ፣ አይሆንም» አለች። «አንቱ ዘመዴ አይደሉም።»

ክፉ ቃል አልነበረም፤ እውነት ነበር። እኔም ብሆን እንግዳ ሰው መጥቶ ከሌን ቢነካው እንዲሁ እል ነበር። ውኃውን ወስጄ ጌሾው ሥር ደፋሁት። ስመለስ ልጅቱ ነጩን ነጠላዬን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አድርጋዋለች። አባትሽ መጥቶ ያውልቅልሽ እንጂ፣ ላኪበት አልኋት።

ቀስ ብላ ነገረችኝ። አባቷ አያ ባንተአምላክ ብቻውን ነው። ቤቱን የሚይዝለት ሴት የለውም። ቀድሞም ቢሆን ትማር ያለች እናቷ ናት እንጂ እሱ አልነበረም።

«ያውልቅልኝ ብዬ ብልክበት፣ ከነከልሽ ነይ ይለኛል» አለች። «እንዲያ ብሎኝ ከሄድሁ አልመለስም፣ እትዬ።»

እዚህ ላይ ነገሩ ሁሉ ወለል አለልኝ። ካልጠየቀችው ማክሰኞ ያልፋታል። ከጠየቀችው ትምህርቷ ሊቀር ይችላል። ራሷ ብታወልቀው ደግሞ እናቷን እንደ ጣለች ይቆጠራል። እኔ ብሄድስ ብዬ ጠየቅኋት። ዝም አለች። በእኛ አገር ዝምታ እንቢታ አይደለም።

ቅዳሜ ማለዳ ስወጣ፣ ይህን ሳምንት እንደ ልማዷ ወደ አባቷ እንዳትሄድ ነግሬያት ነበር። እስከ ማንኩሳ በባጃጅ ሄጄ ከዚያ በእግሬ ቀጠልሁ። ያጨዱት ማሳ ላይ ከብቱ ተሰማርቷል። እግረ መንገዴን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሳለምሁ፤ የምለምነውን ግን በቃል ማሰናዳት አቃተኝ። አንተ ታውቃለህ ብዬ አለፍሁ።

አያ ባንተአምላክን ከግቢው አጥር ሥር ቆሞ አገኘሁት። ጢሙ ጎፍሮ፣ ጥቁር ጋቢ ለብሶ፣ እኔ የመጣሁበትን መንገድ ነው የሚያየው። ውዳሴ ቅዳሜ ቅዳሜ ስለምትመጣ ዐይኑ መንገዱ ላይ ነበር። ማን መሆኔን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ።

«ታማ ነው?» አለ።

ደኅና ናት፣ የሚያስደነግጥ ነገር የለም አልሁት። ገብተን ቁርበት አነጠፈልኝ። ዙሪያውን ሲያይ ቆየና ቆሎ በሰፌድ፣ ውኃ በጣሳ አቀረበልኝ። ቤቱ ሴት የለውም፣ ይቅር ይበሉኝ አለ። ኧረ በረከት ነው አልሁት። እንደ ወጉ ከአዝመራው ጀመርን። ጤፉ እንዴት ነበር፣ በቆሎውስ፤ ማዳበሪያ ዘግይቶ እንደ ደረሰ፤ በሬው እንደ ከሳ። ከዚያ ስለ ልብስ አወራሁት፤ ሥራዬ ነውና። ልጆቹ አድገው እንደ መጡ፣ ደንብ እንደ ወጣ። ስለ ፎቶው ነገርሁት። የመጨረሻውን ሳልጨርሰው ገባው።

«እንግዲያው ትመጣለቻ» አለ። «ከነከሏ የምትቀመጥበት ቤት አላት።»

የፈራነው ይህንኑ ነበር። ሐዘንተኛን ሰው በክርክር አይረታውም። ቆሎዬን አንዳንድ ፍሬ እያነሣሁ ተቀመጥሁ። ውጭ ጥጃ ጮኸ። ተነሥቶ ወጣ፣ አሰረው መሰለኝ፣ ብዙ ቆይቶ ተመለሰ። በሩ ላይ እንደ ቆመ መናገር ጀመረ፤ ለእኔም አይመስልም ነበር።

ስንቁን የምታደርስ ሰብለ ነበረች አለ። እሱ እስከ ዛሬ ልጁ የምትተኛበትን ቤት አላየውም። ሰብለ ከከተማ ስትመለስ ሁሉን ታወራለት ነበር፤ ልጅቱ ምን በላች፣ ምን አጠናች፣ የቤቱ ባለቤት ምን አለች። በእሷ አፍ ነበር ልጁን የሚያውቃት። አሁን ልጅቱ ቅዳሜ ትመጣለች፤ ትጋግራለች፣ ታጥባለች፣ እሑድ አስቀድሳ ስንቋን ተሸክማ ትሄዳለች። እሱ የእሷን ጥቁር ያያል፣ እሷ የእሱን ታያለች። አንዱን ለአንዱ የሚያወራላቸው ሰው ሞቷል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ዓመቷ ሳይሞላ ባወልቅባት፣ ሰብለ ምን ትለኛለች?»

ሰብለ እንዲህ ትላለች ልለው አልደፈርሁም፤ የሙት ምስክር አይደለሁም። ይልቅ ልጅ ሳለሁ የሰማሁትን፣ መደብ ላይ ተጋድሜ፣ ጥጡ ሲፈለቀቅ፣ አክስቴና ያቺ ሴት የተባባሉትን ነገርሁት። ለምን እንደ ነገርሁት እንጃ፤ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነበር።

ስጨርስ፣ «ኋላ ከነከሏ ሞተች?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አላውቅም። መጨረሻውን አልሰማሁትም። ሰው የላትም ሲሉ ብቻ ነው የሰማሁ።»

በሩ ላይ ተቀመጠ። ከተቀመጠበት መንገዱ ይታያል፤ ባዶ ነው። ጥቁሩን ጋቢ እስከ ጉልበቱ ሰበሰበው።

«የኔ ልጅ ሰው አላት» አለ፤ በጣም ዝግ ብሎ።

ፀሐይ ዘወር ስትል መንገድ አለብኝ ብዬ ተነሣሁ፤ ልሸኝዎ ብሎ ተከተለኝ። ወንዙ ድረስ ወረድን። ክረምት ሰብለን በቃሬዛ ያሻገሯት በዚህ ነው፤ አሁን ውኃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ጫማዬን ሳወልቅ ምርኩዙን ሰጠኝ። ከወዲያ ማዶ ደርሼ ስዞር እሱ ከወዲህ ቆሟል። ምርኩዙን እንድመልስለት የቆመ መስሎኝ ዘረጋሁት። አልተቀበለኝም።

«የትምህርት ቤቱ ሰልፍ ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

ሁለት ሰዓት ላይ ነው አልሁት።

«ቅቤውን እኔ አላውቅበትም። የሴት እጅ ይፈልጋል፤ በአንቱ እጅ ይሁን።»

እሺ አልሁት። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አሰርሁ። ዘመዴ አይደሉም ያለችኝን ልጅ ራስ ቅቤ ስቀባ ታየኝ፤ አባቷ ከአጠገባችን ቆሞ።

«ሰኞ ሳይነጋ እነሣለሁ» አለ አያ ባንተአምላክ። «ስንቋን በሰብለ ከረጢት ይዤ፣ ቤትዎን እየጠየቅሁ እመጣለሁ። በቃሽ እላታለሁ፤ ትማር። ጥቁር ነጠላዋን ግን አንቱ ዘንድ አልተወውም። የእናቷ ዓመት እስኪሞላ እኔ በላዬ ደርቤ እጨርስላታለሁ።»